የመምህር ዳንጊሶን ቃላት ያጸዳሁ ዕለት

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናዘዝና ይውጣልኝ። በዕድሜዬ የሰው ዕቃ አንስቼ አላውቅም፤ ሰውም መትቼ አላውቅም፤ ታናሽ ወንድሜን ካልቆጠራችሁት። ግን የአንድ አዛውንት የሃያ ዓመት ድካም በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሻዬን ፉት እያልኩ፣ ብትንትኑን አውጥቼዋለሁ። በስንፍና ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። እኔ ያጠፋሁት በትጋት ነው። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ማንም ባልተጎዳ።

ያኔ ሀዋሳ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ያለው መጠሪያ አንድ መስመር ተኩል ይወስዳል፤ ሰው ግን የሚጠራኝ “የኮምፒውተሩ ልጅ” እያለ ነው። ፀጉሬ ከግንባሬ ሸሽቶ ማጅራቴ ላይ ከሰፈረ በኋላም “ልጅ” እንደተባልኩ ቀረሁ።

ጊዜው መብራት በፈረቃ የሆነበት ነበር። ዛሬ እኛ ሰፈር፣ ነገ እነሱ ሰፈር። ፈረቃውስ ይሁን፤ የሚያናድደው ተራችን በሆነ ቀንም ሳይሰናበት ብድግ ብሎ መሄዱ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። ሀርድ ዲስኩ ውስጥ ማውጫ አለ፤ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ የሚናገር መዝገብ ማለት ነው። መዝገቡ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ግማሽ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ በቦታው አለ፤ መኖሩን የሚያውቅለት ግን የለም። ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ቀበሌው “እንዲህ የሚባል ነዋሪ የለንም” እንደሚለው ያለ ነው።

ለዚህ ችግር ብዬ አንድ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ስሙን “ጠጋኝ” አልኩት። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሽና የተበላሸውን ማውጫ ያቃናል። ሦስት ዓመት ሙሉ በትርፍ ሰዓቴ፣ አንዱን ቀዳዳ በሌላ እራፊ እየደፈንኩ ስለጻፍኩት ኮዱ ድሪቶ ይመስል ነበር። በየመሃሉ ለራሴ የተውኳቸው ማስታወሻዎች ነበሩ። አንዱ ቦታ “ይህን አትንካ” ይላል። ሌላው ቦታ “ለምን እንደሚሠራ አላውቅም፤ ግን ይሠራል” ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ “እዚህ ጋ ስደርስ ሥራ ልለቅ ነበር” የሚል አለ። ይሁን እንጂ ጠጋኝ ሠርቶ አደር ነበር። የመሥሪያ ቤታችንን ዓመታዊ ሪፖርት አድኗል። የአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አድኗል። የአንዲት ሙሽራን የሠርግ ፎቶዎች ያዳነ ጊዜ የሙሽራዋ እናት እኔን አልፈው ሲፒዩውን ሳሙት።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ቢፒአር፣ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ የተባለው፣ የመጣው። የዚያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ዛሬም ቀና ብሎ ይቀመጣል። ሐይቁ ዳር ካለ አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው፣ በየፊታችን የታሸገ ውሃ ደርድረው፣ አንድ ሳምንት አሠለጠኑን። አሠልጣኙ ድምፀ መረዋ ነበር። “አንድ ባለጉዳይ ለምን አምስት ቢሮ ይዞራል? አንድ ወረቀት ለምን ሦስት ጊዜ ይፈረማል? እሴት የማይጨምር ሥራ ሁሉ ይወገድ!” ይላል። እኛም እንጽፋለን። ባልደረቦቼ ከሥልጠናው ተመልሰው ጠረጴዛ አዛወሩ፤ ግድግዳ አፈረሱ። እኔ የማፈርሰው ግድግዳ አልነበረኝም። ኮዴን ከፈትኩ።

አጀማመሬ እንኳ ክፉ አልነበረም። ጠጋኝ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎችን ሲያገኝ ስማቸውን የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ያደርገው ነበር፤ እሱን አስተካከልኩ። ሁለት ቦታ የተደገመ ሥራ አገኘሁ፤ አንዱን ሰረዝኩ። ደስ አለኝ። ደስታ ደግሞ እንደ በርበሬ ነው፤ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል። ቀጥዬ ስመለከት ጠጋኝ ጥገና ከመጀመሩ በፊት የማውጫውን ቅጂ ወደ ጎን ያስቀምጣል። ይህ ምን ይባላል? ጥርጣሬ! አስወገድኩት። ከዚያ “እርግጠኛ ነህ?” ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ቢሮክራሲ! ጠረግኩት። በመጨረሻ ብቻዋን የቆመች አንዲት መስመር አገኘሁ። አጠገቧ “ነጥብ ካየህ እለፍ። አትጠይቀኝ” የሚል ጽሑፌ አለ። ምን ነጥብ? ጠየቅኩ፤ የሚመልስልኝ አጣሁ። ሰረዝኳት። በፍላሽ ላይ ሞከርኩት፤ ዓይን እስኪከደን ድረስ እንኳ ሳይቆይ ጨረሰ። በዚያን ሳምንት ከኔ በላይ ቢፒአርን የተገበረ ሰው በክልሉ ውስጥ አልነበረም።

መምህር ዳንጊሶ የመጡት በማግስቱ ቅዳሜ ነው።

ቤቴ በር ላይ ባጃጅ ቆመ። መምህር ከኋላ ተቀምጠዋል፤ እቅፋቸው ውስጥ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አለ። የታመመ ሰው መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። ገለጥ ሲያደርጉት ሲፒዩ ነው።

መምህር ዳንጊሶ ስድስተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። የዓለምን ወንዞች አንድ በአንድ በቀኝ ጆሮዬ በኩል፣ እየጎተቱ፣ ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ሙሉ ቀናቸውን አንድ ሥራ ይዞታል። የሲዳምኛ ቃላትን ይሰበስባሉ፤ ፍቺያቸውን በአማርኛ ይጽፋሉ። እያስተማሩ ሳሉ የጀመሩት ነው፤ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። መጀመሪያ በካርድ ይጽፉና በካርቶን ያከማቹ ነበር። አይጥ የ“በ”ን ካርቶን ከነክዳኑ ስትበላባቸው፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ኮምፒውተር ገዝተው በሁለት ጣት ይተይቡት ጀመር። የከብት ቃላት ለብቻ፣ የእንሰት ለብቻ፣ የሐይቅ ለብቻ፣ የልቅሶ ለብቻ።

“ምን ሆኖ ነው መምህር?”

“ትናንት እየጻፍኩ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ እሱ አልመጣም።”

ገመዱን ስሰካ አጠገቤ ቆመው ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ “ይድናል?” አሉኝ፤ ሐኪም እንደሚጠየቀው።

“አምስት ደቂቃ አይፈጅም።”

“ግዴለህም፣ አትቸኩል። ቀስ ብለህ እየው።”

“አይስጉ መምህር፤ አሠራሩ ተሻሽሏል።”

ይህችን ቃል ስናገር ፊቴ ላይ የነበረው ፈገግታ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ትራስ ውስጥ መግባት ያምረኛል።

ጠጋኝ መቁጠር ጀመረ። መምህር እንደነገሩኝ ፋይሎቻቸው ወደ ሁለት ሺህ ይጠጋሉ። ቁጥሩ ሁለት ሺህን አለፈ። ዘጠኝ ሺህ ሆነ። ሠላሳ ሺህ ሲሞላ መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

“ይህን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ?” አሉ፤ እፍረትና ደስታ በተቀላቀለበት ድምፅ። “አይ ዕድሜ! ሰው ሲሠራ አይታወቀውም ማለት ነው።”

እኔን ላብ ይወርደኛል። ከዚያ ቁጥሩ ቆመና “ተጠግኗል” የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከፈትን። ከብት የለም፤ እንሰት የለም፤ ሐይቅ የለም። አንድ ፎልደር ብቻ አለ። ውስጡ ፋይሎቹ ሁሉ ተደርድረዋል፤ ስማቸው 1፣ 2፣ 3፣ 4… እያለ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ከፈትኩት። “ጥጃዋ የሞተባት ላም አለመርሳቷን የምታሳይበት አተነፋፈስ” ይላል።

“ቃሉስ የታለ መምህር?”

“ስሙ ላይ ነበራ።”

“ውስጡስ?”

“ውስጡ ፍቺው ነው። ስሙ በላዩ ላይ ተጽፎ ሳለ ውስጡ ደግሞ ለምን ይደገማል?” ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እሴት የማይጨምር ሥራ የምንጠላው ለካ አሠልጣኙና እኔ ብቻ አልነበርንም።

የዚያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? “መብራቱ ነው መምህር። ክፉኛ ጎድቶታል።”

መምህር አመኑኝ። ይባስ ብለው መረቁኝ። “ፍቺው መትረፉም ያንተ ብርታት ነው፤ ጌታ ይባርክህ” አሉና ሲፒዩውን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ በመጡበት ባጃጅ ተመለሱ። የተሰደበ ሰው ይረሳዋል። ሳይገባው የተመረቀ ሰው ግን እንቅልፍ የለውም።

እሑድ ቁጭ ብዬ ጥፋቴን ፈለግኩት። ያቺ የሰረዝኳት መስመር ናት። በዲስክ ውስጥ እያንዳንዱ ፎልደር እንደ አንድ ክፍል ነው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ በነጥብ ምልክት የተሰየመ፣ ወደመጣህበት የሚመልስ በር አለ። መስመሯ “ነጥብ ካየህ እለፍ” ስትል በዚያ በር አትግባ ማለቷ ነበር። እሷ ስትጠፋ ጠጋኝ የመመለሻውን በር እንደ አዲስ ክፍል ቆጠረው። ገባ፤ ወጣ፤ መልሶ ገባ። አደባባይ ላይ መውጫው እንደጠፋበት ባጃጅ ይሽከረከር ጀመር። በዞረ ቁጥር ያንኑ ፋይል ያገኘዋል፤ ባገኘው ቁጥር እንደ አዲስ ይቆጥረዋል። መጨረሻ ላይ “አንድ ፋይል ይህን ሁሉ ቤት ሊኖረው አይችልም፤ አድራሻው አጠራጣሪ ነው” ብሎ ወሰነና ሁሉንም ስማቸውን ገፍፎ አንድ ቦታ ከመራቸው። ቅጂ እንዳንመልስ፣ ቅጂ ማስቀመጡን እኔው ራሴ አስወግጄዋለሁ። ፍላሹ ላይ ያልታየውም ውስጡ አንድም ፎልደር ስላልነበረው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ደግሞ የሰው አፍስሼ ባለቤቱን ለቃሚ አደረግኩት።

መስመሯን መለስኳት። ምክንያቷንም በላይዋ ላይ በስድስት መስመር ጻፍኩ። ግን ይህ ለመምህር ምን ይፈይዳል? ሁለት ቀን በእሳቸው ደጅ ላለማለፍ በሐይቁ በኩል እየዞርኩ ሥራ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን እግሬ እምቢ አለኝና ሄድኩ።

መምህር ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ደብተር አለ። ፍቺውን እያነበቡ፣ ቃሉን እያስታወሱ፣ ቁጥሩን እየሰረዙ ስሙን ይመልሳሉ። መቶ ሃያ ገደማ ደርሰዋል።

“መምህር፣ መብራቱ አይደለም” አልኩ፣ ገና በሩ ላይ ቆሜ። “እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን አሻሽላለሁ ብዬ አንድ መስመር አጠፋሁ። የዋሸሁዎትም አፍሬ ነው።”

መምህር ወደ እኔ ዞሩ። የቀኝ ጆሮዬ ሳይነካ ጋለ።

“ያቺን መስመር ስትጽፋት ምክንያቷን ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ስታጠፋትስ?”

“ረስቼው ነበር።”

ከዚያ ደብተራቸውን አዞሩልኝ። ከቁጥሮቹ አጠገብ ቃል ተጽፏል፤ አንዳንዶቹ አጠገብ ግን ባዶ ነው።

“እኔም ረስቻለሁ” አሉ። “ከዛሬ ጠዋት ወዲህ አሥራ አንድ ቃል። ፍቺውን የጻፍኩት እኔው፣ የነገሩኝን ሰዎች ፊት አስታውሳለሁ፣ የተቀመጥንበት ዛፍ ትዝ ይለኛል። ቃሉ ግን አልመጣም አለ። ስሞቹ ላዩ ላይ ተለጥፈው ሳለ የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር።” ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። “ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። አንተም አትንገር።”

“አልናገርም።”

“በል ወንበር ሳብ።”

እንዲህ ነው የጀመርነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መብራት ባለ ቀን በኮምፒውተሩ፣ በሌለ ቀን አትሜ ባመጣሁት ወረቀት። እኔ ፍቺውን አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሉን ይጠብቃሉ። ሲመጣላቸው ጉልበታቸውን ይመቱና “ዳንቻ!” ይላሉ፤ ጥሩ ማለት ነው። አንዳንዴ ልረዳቸው ብዬ የማውቃትን ሲዳምኛ ጣል አደርጋለሁ። አንድ ቀን በሙሉ ልቤ አንድ ቃል አቀበልኳቸውና እስኪያስላቸው ሳቁ። ለካ ውሃ የቋጠረ ደመናን ስም ሲፈልጉ፣ እኔ ያቀበልኳቸው የአህያ ስድብ ነው።

የሐይቁ ቃላት ላይ ስንደርስ ባዶው ስለበዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ። መምህር አንዱን ፍቺ አነበቡላቸው፤ “ሲጎተት ከብዶ፣ ሲወጣ ባዶ የሆነ መረብ” የሚለውን። አንደኛው ቃሉን ነገራቸው። ሁለተኛው “የለም፣ እሱ የተቀደደ መረብ ነው” አለ። ተከራከሩ። ከየጀልባው ሰው እየወረደ ክርክሩ ውስጥ ገባ። መምህር በደስታ ግራና ቀኝ እያዩ ይጽፋሉ፤ እኔ ለቤት የገዛነውን ዓሣ ይዤ አፌን ከፍቼ አዳምጣለሁ። አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች አንዱ ከኋላዬ፣ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደኋላ ያጣመረ መስሎ፣ ተራመድ ተራመድ ብሎ መጣና ዓሣውን ከነፌስታሉ ነጥቆኝ ሄደ። ተከራካሪዎቹ በአንድ ድምፅ አንድ ቃል ጮኹ። መምህር “ይህንንም አልያዝኩትም ነበር!” ብለው ጻፉት።

ስንጨርስ ስልሳ ሦስት ስም የሌላቸው ፋይሎች ቀሩን። ስመለከታቸው አብዛኞቹ ቅቤ ማውጣት፣ እንሰት መፋቅ፣ ልጅ መውለድ፣ አራስ ማረስ ናቸው።

“እህቴ ታውቀው ይሆናል” አሉ መምህር፣ ወለሉን እያዩ። “ከከተማ ወጣ ብሎ ቱላ ነው የምትኖረው። ታላቄ ናት።”

“እስካሁን ጠይቀዋቸው አያውቁም?”

“እሷ እኮ ፊደል አልቆጠረችም…” ብለው ጀመሩና አቆሙ። የገዛ ድምፃቸው ጆሯቸው ሲገባ አየሁት።

በማግስቱ በሚኒባስ ቱላ ሄድን። ከመሥሪያ ቤት የተዋስኩት ላፕቶፕ ይዣለሁ፤ ባትሪው አርባ ደቂቃ ከቆየ በዓል ነው። እህታቸው እማማ ዱካሌ ከጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ተቀምጠው ይፍቃሉ። ወንድማቸውን በሲዳምኛ ሰላም ብለው ሳሙ፤ እኔንም ሳሙኝ፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አማርኛ አይናገሩም። መምህር አትሜ ከሰጠኋቸው ወረቀት ፍቺውን ወደ ሲዳምኛ እየመለሱ አንድ በአንድ ያነቡላቸው ጀመር። እማማ ዱካሌ ቀና እንኳ ሳይሉ ይመልሳሉ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር። መምህር ሃያ ዓመት የዞሩበትን እሳቸው እጃቸውን ሳያቆሙ ይወረውሩታል፤ እኔ በሩጫ እተይባለሁ።

አንዱ ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆመ። ፍቺው “አራስ ሴት በድካም የምታሰማው ማቃሰት” ይላል። እማማ ዱካሌ ይህን ማን እንደነገራቸው ጠየቁ። መምህር የአንድ የታወቁ ሽማግሌ ስም ጠሩ። እማማ አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ፤ የመምህር ፊት ተለዋወጠ።

“ምን አሉ?” አልኩ።

“‘እሱ ወልዶ ያውቃል?’ አለች።”

ከዚያ እማማ ዱካሌ ረጅም ተናገሩ፤ ቢላዋቸውን መሬት አስቀምጠው፣ በእጃቸው እያሳዩ። መምህር አላቋረጧቸውም። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው ተረጎሙልኝ። “ማቃሰት አይደለም አለች። ጠያቂው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ እናትየው ሕፃኑን ብቻዋን እያየች የምትስቀው ሳቅ ነው። ማንም የማይሰማው። ሽማግሌው የሰማው ከግድግዳ ማዶ ሆኖ ነው አለች።” እንደ ጥሩ አስተማሪ ምንም ሳይቀንሱ፣ ቀሪውንም ተረጎሙ። “‘ሃያ ዓመት ሙሉ ወረቀት ተሸክመህ በደጄ ስታልፍ ምን እንደምትፈልግ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?’ አለች።”

መምህር ለእህታቸው ምን እንደመለሱ አላውቅም፤ ሲዳምኛ ነበር፤ አጭርም ነበር። እማማ ዱካሌ በእንሰት ውሃ በራሰ እጃቸው የወንድማቸውን ጉንጭ ዳበስ አደረጉት።

መምህር ላፕቶፑን ተቀበሉኝ። በሁለት ጣታቸው የድሮውን ፍቺ አጥፍተው አዲሱን ጻፉ። ከሥሩ፣ የነገራቸውን ሰው ስም በሚያሰፍሩበት ቦታ፣ የሽማግሌውን ስም ሰርዘው “ታላቅ እህቴ ዱካሌ” አሉ። እማማ ምን እንደተጻፈ ጠየቁ። አነበቡላቸው። ተነሥተው መጡና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ስማቸውን በጣታቸው ነኩት፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቁመው አንድ ነገር አሉ።

“ቃሉን አንተ በለው ትልሃለች” አሉ መምህር።

አልኩት። መሃሉ ላይ ያለው ድምፅ ጉሮሮዬ ውስጥ የለም፤ ብቻ አልኩት። እማማ ዱካሌ እንሰቱን ተደግፈው ሳቁ። በምልክት እንደገና አሉኝ። አልኩት። ከጎረቤት ሁለት ሴቶች መጡ፤ ለእነሱም አልኩት። አንደኛዋ ደግሞ የመምህርን ወረቀት እያየች ሌላ ቃል ጠየቀች፤ እማማም መለሱላት፤ መምህርም ይህኛው እኛ መዝገብ ውስጥ እንደሌለ ተናገሩ፤ እማማም ከዚህ ሌላ የሌላችሁን ልንገራችሁ ብለው አንድ ግንድ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

በሦስተኛው ቃል ላይ የላፕቶፑ ባትሪ አለቀና ጭልም አለ። እማማ ዱካሌ ግን አላቆሙም። እኔም ከኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ፣ ወረቀቱን ገልብጬ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።